ዊልያም ኮበት፤ ጐልማሳ ከሆነ በኋላ ሰዋስው የተማረ ወታደር

ሰው ትምህርትን በልጅነቱ ቢጀምር መልካም ነው። በልጅነቱ ያልተማረ ሰው ግን ጊዜዬ አልፏል ብሎ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባውም። ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነን ዊልያም ኮበት የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው የገበሬ ልጅ ሆኖ ተወለደ፤ ኋላም ተራ ወታደር ሆነ። የገዛ አገሩን ቋንቋ አጣርቶ መጻፍ የተማረው ሃያ አንድ ዓመት ገደማ ከሆነው በኋላ ነው። ከዚያም በዘመኑ ከነበሩት የእንግሊዝ ጸሐፊዎች መካከል ስሙ እጅግ የተጠራ ሆነ። እንዴት አድርጎ ከዚያ እንደ ደረሰ በዚህ ታሪክ እናያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዊልያም ኮበት በ1763 ዓመት በመጋቢት ወር በእንግሊዝ አገር ሰሪ በሚባል ግዛት፥ ፋርናም በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አያቱ በቀን ሥራ የሚያድር ድኻ ነበረ። አባቱ ጆርጅ ኮበት ግን ጥቂት መሬት የሚያርስ፥ ለመንገደኞችም የሚሆን የእንግዳ ቤት የያዘ ሰው ነበረ። ይህ አባት በልጅነቱ በቀን ሁለት ፔኒ እየተከፈለው የሌላ ሰው ማረሻ ይነዳ ነበር። ያችንም ገንዘብ ለማታ ትምህርት ቤት ይከፍላት ነበር። ፔኒ የእንግሊዝ ትንሽ ገንዘብ ናት፤ በዚያ ዘመን 240 ፔኒ አንድ ፓውንድ ይሆን ነበር።

የዊልያም የመጀመሪያ ሥራው ከእርሻ ላይ ወፍ ማባረር ነበረ። ቀጥሎም አረም ያርም፥ ፈረስ ይስብ፥ ከወንድሞቹም ጋራ አጨዳ ይውል ነበር። ወደ ትምህርት ቤት ተልኮ እንደ ሌሎች ልጆች ብዙ ዓመት አልተቀመጠም። ነገር ግን በክረምት ማታ ማታ አባታቸው ልጆቹን በእሳት ዙሪያ ሰብስቦ ማንበብንና መጻፍን፥ ቍጥርንም ያስተምራቸው ነበር።

አባቱ ሰዋስውንም ሊያስተምራቸው ሞክሮ ነበር። ነገር ግን እርሱ ራሱ ሰዋስውን በደንብ አላወቀውም። ስለዚህ ሕጉን በቃላቸው እንዲይዙት ብቻ አደረጋቸው እንጂ ምሥጢሩን ሊገልጥላቸው አልቻለም። ልጆቹም ቃሉን እንደ ዘፈን ይሉት ነበር፤ በሚጽፉበት ጊዜ ግን አልረዳቸውም። ምሥጢሩ ያልገባ ቃል መክፈቻው እንደ ጠፋ ሣጥን ነውና፥ ተሸካሚውን ያደክመዋል እንጂ አይጠቅመውም።

ዊልያም አሥራ አንድ ዓመት በሆነው ጊዜ በፋርናም በሚገኘው በጳጳሱ አትክልት ቦታ ይሠራ ነበር። አንድ አትክልተኛ በሎንዶን አጠገብ ኪው በሚባል ስፍራ ስላለው ስለ ንጉሡ አትክልት ውበት ሲናገር ሰማ። በማግሥቱም ለማንም ሳይናገር ተነሥቶ፥ በኪሱ አሥራ ሦስት ግማሽ ፔኒ ይዞ፥ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ተጓዘ። ወደ ማታ ሪችመንድ ከምትባል ከተማ ሲደርስ የቀረው ገንዘብ ሦስት ፔኒ ብቻ ነበረ። እርሱንም ለራቱ አስቦት ነበር።

በዚያ በአንድ መጽሐፍ ሻጭ መስኮት ላይ ጆናታን ስዊፍት የሚባል ጸሐፊ የደረሰውን ትንሽ መጽሐፍ አየ። ዋጋውም ሦስት ፔኒ ነበረ። ልጁ ራቱን ትቶ መጽሐፉን ገዛ። ከዚያም በአንድ እርሻ ዳር በድርቆሽ ክምር ጥግ ተቀምጦ እስኪጨልም ድረስ አነበበ፤ በጨለመም ጊዜ መጽሐፉን ይዞ በባዶ ሆዱ እዚያው ተኛ። ካነበበው ብዙው አልገባውም ነበር፤ ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የማንበብ ፍቅር አደረበት። በማግሥቱ ኪው ደርሶ በንጉሡ አትክልት ውስጥ ሥራ አገኘ። ያን መጽሐፍ ከብዙ ዓመት በኋላ በባሕር ላይ እስኪጠፋበት ድረስ በሄደበት ሁሉ ይዞት ይዞር ነበር።

ከዚያም ወደ አባቱ ቤት ተመልሶ በግብርና ኖረ። በ1783 ዓመት አንድ ቀን ወደ ገበያ ሲሄድ ወደ ሎንዶን የሚወስደውን የሕዝብ ሠረገላ አየና ድንገት ተሳፍሮ ሄደ። በሎንዶንም በአንድ ጠበቃ ቤት ጽሕፈት ገልባጭ ሆነ። ከጧት እስከ ማታ በጨለማ ክፍል ተቀምጦ የሰው ወረቀት ይገለብጥ ነበር። በሜዳ ያደገ ልጅ ነበረና ያን ኑሮ አልቻለውም። ዘጠኝ ወር ያህል ከቆየ በኋላ በ1784 ዓመት ቻታም ወደሚባል የወታደር ከተማ ሄዶ ወታደር ሆነ።

በቻታም የወታደሩ ደመወዝ በቀን ስድስት ፔኒ ነበረ። ከዚያ ላይ የምግቡና የልብሱ ዋጋ ሲነሣ ለእያንዳንዱ ወታደር በሳምንት የሚቀረው ሁለት ፔኒ ያህል ብቻ ነበር። ሌሎቹ ጓደኞቹ ይህን ገንዘብ ለመጠጥ ሲያውሉት ኮበት ግን መጽሐፍ ከሚያከራይ ቤት ገብቶ ብዙ መጻሕፍት አነበበ።

ጽሕፈቱ ያማረ ስለ ነበረ የከተማው ጦር አለቃ ኮሎኔል ዴቢግ ደብዳቤዎቹን እንዲገለብጥለት አደረገው። ኮሎኔሉም ግልባጩን ሲመረምር ፊደሉ ያማረ፥ ነገሩ ግን ስሕተት የበዛበት ሆኖ አገኘው።

የሌላውን ጽሕፈት የሚገለብጥ ሰው እንዴት ይሳሳታል ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው። ገልባጭ አንዲቱን ፊደል እያየ አንዲቱን ፊደል አይጽፍም፤ አንድ ሐረግ ያነብና በልቡ ይዞ ይጽፈዋል እንጂ። በዚያን ጊዜ ቋንቋውን አጣርቶ የማያውቅ ከሆነ፥ ያነበበውን ትቶ የለመደውን ይጽፋል። ስለዚህ የኮበት እጅ መልካም ነበረች፤ እጁን የምትመራው ዕውቀት ግን ጐደሎ ነበረች።

ኮሎኔሉ ይህን ጕድለት ባየ ጊዜ አልሰደበውም፥ ከሥራውም አላስወጣውም። ሰዋስውን እንዲማር አጥብቆ መከረው፤ ተምሮም ቢያውቅ ዋጋውን እንደሚያገኝ ተስፋ ሰጠው። ኮበትም አላፈረም፥ አልተቈጣምም። ትልቅ ሰው ሆኜ ወደ ልጅ ትምህርት እንዴት እመለሳለሁ አላለም። ምክሩን ተቀብሎ ሮበርት ላውዝ የሚባል ጳጳስ በ1762 ዓመት ያሳተመውን የእንግሊዝኛ ሰዋስው አገኘ፤ መማርንም ጀመረ።

ሰዋስው ምን እንደ ሆነ ጥቂት እንናገር። ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። ተማሪ በመሰላሉ ደረጃ በደረጃ ወደ ቋንቋው ምሥጢር ይወጣልና ስሙ የተገባ ነው። በአማርኛ እነርሱ መጣ ብሎ የሚናገር ሰው ብትሰሙ ትስቃላችሁ፤ ለብዙዎች መጡ፥ ለአንድ መጣ እንደሚባል ታውቃላችሁና። በእንግሊዝኛም ለአንድ ሰውና ለብዙ ሰዎች የሚነገረው ግስ ይለያያል፤ ይህን የማይጠነቅቅ ጸሐፊ ልክ እንደዚያው ያስቃል።

ደግሞ በእንግሊዝኛ የቃል አጻጻፍ ይከብዳል። በእኛ ፊደል የተጻፈው ሁሉ ይነበባል። በእንግሊዝኛ ግን የማይነበቡ ፊደሎች በቃል ውስጥ ይገባሉ። ቢላዋን ናይፍ ይሉታል፤ ሲጽፉት ግን በመጀመሪያው የማይነበብ፥ ኬይ የሚባል ፊደል ያኖሩበታል። እንግሊዝኛን ከእናቱ የተማረ ሰው እንኳ ይህን አጻጻፍ ካላጠና ይሳሳታል።

ነጥብና ሰረዝም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አንድ አባት፥ ልጄ ካሣ መጣ ብሎ ቢጽፍ፥ ካሣ የሚባል ልጁ እንደ መጣ መናገሩ ነው። ልጄ ከሚለው ቃል በኋላ ግን ነጠላ ሰረዝ ቢያገባ ነገሩ ይለወጣል፤ በዚያን ጊዜ ልጁን ጠርቶ ካሣ የሚባል ሌላ ሰው መምጣቱን እየነገረው ነው። እንግዲህ ያች ትንሽ ምልክት አንዱን ሰው ከሌላው ሰው ትለያለች። በእንግሊዝኛም ምልክቶቹ ይህን የመሰለ ሥራ አላቸው።

አሁን ወደ ኮበት እንመለስ። ለትምህርቱ ጠረጴዛ አልነበረውም፤ በጕልበቱ ላይ የሚያኖራት አንዲት ጣውላ ጠረጴዛው ነበረች። ወንበር አልነበረውም፤ የአልጋው ጫፍ ወንበሩ ነበረ። የመጻሕፍት ሣጥን አልነበረውም፤ በጀርባው የሚሸከማት የወታደር ኮሮጆ ሣጥኑ ነበረች። ሻማ ወይም ዘይት የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው በክረምት ማታ የሚያነበው በእሳቱ ብርሃን ነበረ፤ እርሱንም ተራው ሲደርሰው ብቻ ነው። በዙሪያውም አሥር የሚሆኑ ወታደሮች ይጫወቱ፥ ይዘፍኑ፥ ይሳሳቁ፥ ይጣሉም ነበር። እርሱ በዚያ ጫጫታ መካከል ተቀምጦ ያነብና ይጽፍ ነበር።

ብዕርና ወረቀት ለመግዛት ከምግቡ መቀነስ ነበረበት። ለቀለም የሚከፍላት ሩብ ፔኒ ለእርሱ ቀላል ገንዘብ አልነበረችም። ወጣትና ረጅም፥ ብርቱም ስለ ነበረ የሚሰጠው ምግብ አያጠግበውም ነበር። አንድ ጊዜ ዓርብ ቀን ግማሽ ፔኒ አስቀርቶ፥ በማግሥቱ ጧት በጢስ የደረቀ ዓሣ ሊገዛባት ተስፋ አደረገ። ማታ ልብሱን ሲያወልቅ ግን ግማሽ ፔኒው ጠፍታ አገኛት። በዚያች ሌሊት ረኃቡ እጅግ ጸንቶበት ነበርና፥ ራሱን በብርድ ልብሱ ውስጥ ቀብሮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ነገር ግን ትምህርቱን አልተወም።

የአጠናኑም መንገድ እንዲህ ነበረ። የሰዋስውን መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ሦስት ጊዜ በእጁ ገለበጠው። ቀጥሎም በቃሉ ያዘው። ጧትና ማታ ሁልጊዜ ይደግመው ነበር። ዘብ በሚቆምበት ጊዜ ደግሞ፥ በእያንዳንዱ ተራው መጽሐፉን በሙሉ አንድ ጊዜ በቃሉ ሊወጣው በራሱ ላይ ደንብ አደረገ። ጠመንጃውን ታጥቆ በብርድ ውስጥ እየተመላለሰ፥ ዓይኑ አካባቢውን ሲጠብቅ ልቡ ሰዋስውን ይደግም ነበር። እንደ ልጅነቱ ቃሉን ብቻ አልያዘም። የተማረውን ሕግ በየቀኑ በሚገለብጠው ደብዳቤ ላይ እያየ ምሥጢሩን ያስተውል ነበር። ቃልና ሥራ ስለ ተጋጠሙለት በአባቱ ቤት የተሰወረበት ነገር አሁን ተገለጠለት። ይህንም ሁሉ ለመማር አንድ ሙሉ ዓመት አልፈጀበትም።

የትምህርቱም ፍሬ ፈጥኖ ታየ። በመጀመሪያ የአሥር አለቃ ሆነ። በ1785 ዓመት ጦሩ ባሕር ተሻግሮ በሰሜን አሜሪካ ወደሚገኘው ወደ ኖቫ ስኮሽያ፥ ከዚያም ወደ ኒው ብራንስዊክ ተላከ። በዚያም የጦሩን መዝገብና ደብዳቤ አጣርቶ የሚጽፍ ሰው ስላልተገኘ ሥራው ሁሉ በኮበት እጅ ገባ። ከሠላሳ ሃምሳ አለቆች በላይ ተሹሞ የበታች ሹማምንት ሁሉ አለቃ ሆነ።

ይህ ሹመት ቅናት ሊያመጣበት ይችል ነበር። እርሱ ግን በትጋቱ ሁሉን በለጠ። ገና ሳይነጋ ይነሣ ነበር፤ በአራት ሰዓት ረፋድ ለሚጀምር ተራ በሦስት ሰዓት ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር እንጂ ማንንም አላስጠበቀም። በተረፈውም ጊዜ ፈረንሳይኛንና የቍጥርን ትምህርት አጠና። እንዲህ አድርጎ በሰዋስው መሰላል ላይ አንድ እግሩን ካኖረ በኋላ ሌሎቹን ደረጃዎች ወጣቸው።

በ1791 ዓመት መጨረሻ ከጦሩ ተሰናብቶ ወጣ፤ በተከታዩም ዓመት አን ሪድ የምትባል ሴት አገባ። መዝገቡን ሲጽፍ አንዳንድ መኰንኖች ለወታደሮቹ የሚገባውን ገንዘብና ስንቅ እንደሚሰርቁ አይቶ ነበር። ስለዚህ በ1792 ዓመት ከሰሳቸው። ነገር ግን ባለጋሮቹ ኃይለኞች ነበሩና፥ ክሱ በራሱ ላይ እንዳይመለስ ፈርቶ ወደ ፈረንሳይ፥ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሸሸ።

በአሜሪካ ፊላደልፊያ በምትባል ከተማ ተቀምጦ ከአገራቸው ለተሰደዱ ፈረንሳዮች እንግሊዝኛ እያስተማረ ኖረ። በ1795 ዓመትም ለፈረንሳዮች የሚሆን የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ታተመ። ከጥቂት ዓመት በፊት ስሕተቱን ሰው ያርምለት የነበረው ወታደር አሁን የሌላውን ስሕተት የሚያርም መምህር ሆነ።

በ1800 ዓመት ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ በ1802 ዓመትም በየሳምንቱ የሚወጣ ጋዜጣ ጀመረ። ይህን ጋዜጣ ጥቂት ጊዜ ብቻ እያቋረጠ እስከ ሞቱ ድረስ ጻፈው። አጻጻፉ ግልጽ ነበረ፤ ገበሬውም ሹሙም አንብቦ ያስተውለው ነበር። በፓርላማ የሚነገረውን ንግግር እያሰባሰበ ማሳተም የጀመረም እርሱ ነው፤ ይህ ሥራ ኋላ ሐንሳርድ ለሚባል አሳታሚ ተላልፎ በዚያው ስም ታዋቂ ሆነ።

በ1809 ዓመት ኢሊ በምትባል ከተማ አንዳንድ የአገር ጠባቂ ወታደሮች ስለ ኮሮጆ ዋጋ ከደመወዛቸው ገንዘብ ቢቈረጥባቸው አጕረመረሙ። በዚህም ምክንያት እንዲገረፉ ተፈረደባቸው። ኮበት ይህን በሰማ ጊዜ ዝም ማለት አልቻለም። የወታደር ኮሮጆ የመጻሕፍት ሣጥኑ ነበረች፤ የወታደርን ችግርና የሩብ ፔኒን ክብደት በገዛ ሆዱ ያውቀዋል። ስለዚህ ግርፋቱን በጋዜጣው አጥብቆ ነቀፈ። መንግሥትም ከሰሰው፤ በ1810 ዓመት ሁለት ዓመት እስራትና አንድ ሺህ ፓውንድ መቀጫ ተፈረደበት። በሎንዶን ኒውጌት በሚባል ወኅኒ ቤት ታሰረ። በዚያም ሆኖ ብዕሩን አላስቀመጠም፤ ጋዜጣውን ከእስር ቤት ይጽፍ ነበር።

ከእስር ከወጣ በኋላ በ1816 ዓመት ድኾች እንዲገዙት ብሎ በሁለት ፔኒ የሚሸጥ ወረቀት አወጣ። ሰው ሁሉ እየተሰበሰበ ያነበው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን መንግሥት ሰውን ያለ ፍርድ ለማሰር የሚያስችል ሕግ ስላወጣ፥ ኮበት እንደ ገና ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በኒው ዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ በሚባል ደሴት እርሻ ይዞ ተቀመጠ።

በዚህ ስደት ጊዜ፥ ዕድሜው አምሳ አምስት ዓመት ሲሆን፥ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጻፈ። መጽሐፉ በ1818 ዓመት በኒው ዮርክ፥ ቀጥሎም በ1819 ዓመት በሎንዶን ታተመ። የጻፈውም ጄምስ ለሚባለው ለአሥራ አራት ዓመት ልጁ በሚላክ ደብዳቤ ምሳሌ ነው። በመጽሐፉ ፊት ላይ ግን ለተማሪዎች፥ ይልቁንም ለወታደሮች፥ ለመርከበኞች፥ ሥራ ለሚማሩ ልጆችና ማረሻ ለሚነዱ ብላቴኖች የተዘጋጀ መሆኑን አስታወቀ። እርሱ ራሱ ማረሻን የነዳ፥ ወታደርም የነበረ ሰው ነውና፥ ወንድሞቹን አልረሳቸውም።

እነዚህ ድኾች ሰዋስው ለምን ያስፈልጋቸዋል የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ኮበት ግን ምክንያቱን ያውቅ ነበር። በዚያ ዘመን ሕዝቡ ለፓርላማ የሚያቀርበው አቤቱታ፥ ቃሉ የተገባ አይደለም ወይም አጻጻፉ ከሥርዓት ወጥቷል እየተባለ ሳይሰማ የሚመለስበት ጊዜ ነበረ። እውነት ይዞ አነጋገር የጐደለው ሰው፥ ሐሰት ይዞ አነጋገር ባሳመረ ሰው ይረታል። ስለዚህ ኮበት ሰዋስውን ለድኻው እንደ ጋሻ አድርጎ ሰጠው።

በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ቃል አጻጻፍ፥ ስለ ግስ፥ ስለ ነጥብና ስለ ሰረዝ በየተራው አስተማረ። ረጅሙን መስመር በየስፍራው እየጣሉ ነገራቸውን የሚያደናግሩትን ጸሐፊዎች ነቀፈ። የስሕተት ምሳሌ ሲያመጣም የድኾችን ስሕተት አልወሰደም፤ የታላላቅ ሊቃውንትን መጻሕፍትና በፓርላማ የተነበበውን የንጉሥ ንግግር መርምሮ በዚያ ውስጥ ያለውን ስሕተት አሳየ። ይህን ያደረገው፥ ሹመትና ሀብት ብቻቸውን ሰውን ከስሕተት እንደማያድኑት ድኻው ተማሪ እንዲያውቅና ልቡ እንዳይፈራ ነው። ደግሞም ልጁን ሲመክር፥ ለመጻፍ የምትቀመጠው ያሰብኸውን ለመጻፍ እንጂ ምን እንደምትጽፍ ለማሰብ አይሁን ይለው ነበር።

መጽሐፉ ብዙ አሥር ሺህ ቅጅ ተሸጠ። ደራሲው በ1819 ዓመት መጨረሻ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በአገሩ በፈረስ እየዞረ የገበሬውን ኑሮ መረመረ፤ ያየውንም ጽፎ በ1830 ዓመት በመጽሐፍ አሳተመው። በ1831 ዓመት ለሕፃናት የሚሆን የቃል አጻጻፍ መማሪያ አወጣ። በ1832 ዓመት የምርጫው ሕግ በተሻሻለ ጊዜ፥ ዕድሜው ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሲሆን፥ ኦልድሃም የምትባለው ከተማ የፓርላማ እንደራሴዋ አድርጋ መረጠችው። ወፍ ጠባቂው ልጅ የአገሩ ሕግ በሚወጣበት ቤት ገብቶ ተቀመጠ።

ነገር ግን የሰውን ታሪክ የሚናገር መልካሙን ብቻ አይናገርም። ኮበት ብዕሩን አቃንቶ ነበር፤ ልቡን ግን በሁሉ ነገር አላቃናም። ቍጡ ሰው ነበረ፤ ብዙ ሰዎችንም ያለ ልክ ይሰድብ ነበር። የገዛ አገሩን ድኻ ሲወድ፥ ስለ አይሁድና ስለ ጥቁር ሰዎች ግን የማይገባ ክፉ ቃል ጻፈ፤ የባሪያን ንግድ ሊያስቀሩ የደከሙትንም ሰዎች ነቀፈ። እነዚህ ጽሑፎቹ በሰዋስው በኩል ስሕተት የለባቸውም፤ በፍርድ በኩል ግን ስሕተት ናቸው። እንግዲህ ሰዋስው የቃሉን መንገድ ያቃናል እንጂ ቃሉ ወዴት እንደሚሄድ አይመርጥም። የሚመርጠው ሰውዬው ራሱ ነው። ስለት ያላት ካራ እንጀራም ትቈርሳለች፥ ወንድምንም ታቈስላለች።

ዊልያም ኮበት በ1835 ዓመት በሰኔ ወር በሰባ ሁለት ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው በፋርናም ነው፤ መቃብሩም ከተወለደበት ቤት ሩቅ አይደለም። ያ የአባቱ የእንግዳ ቤት ከብዙ ዘመን በኋላ በእርሱ ስም ተጠራ። የሰዋስው መጽሐፉም እርሱ ከሞተ በኋላ ብዙ ጊዜ ታተመ።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ያዙ። መጀመሪያ፥ ስሕተታችሁን የሚያሳያችሁን ሰው እንደ ጠላት አትቍጠሩት። ኮበት ኮሎኔሉን ቢቀየም ኖሮ ጽሕፈቱ ያማረ፥ ነገሩ የተበላሸ ገልባጭ ሆኖ በቀረ ነበር። ሁለተኛ፥ የምታጠኑትን በቃላችሁ ያዙ፤ ነገር ግን ምሥጢሩን ሳትጠይቁ አትለፉ፤ በሥራም ላይ አውሉት። በፋርናም በቃል የተያዘው ሕግ ከንቱ ሆኖ ቀርቷል፤ በቻታም በቃልና በሥራ የተያዘው ግን ፍሬ አፍርቷል። ሦስተኛ፥ ቃላችሁ ሲቀና ፍርዳችሁም አብሮ ይቅና፤ ባማረ ቃል የተጻፈ ክፉ ነገር ከክፋቱ አይጐድልምና።

ደግሞም ቤታችሁ ስትገቡ፥ በልጅነቱ ትምህርት ያላገኘ አባት ወይም ታላቅ ወንድም፥ እናት ወይም እኅት ፊደል ልትማሩ አስተምሩን ቢሏችሁ አትሳቁባቸው። መጽሐፉን ዘርግታችሁ ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ኮበት በሃያ አንድ ዓመቱ ዘብ ቆሞ ትምህርቱን ሲደግም ያየው ሰው ስቆበት ይሆናል፤ የሳቀው ሰው ስም ግን ዛሬ አይታወቅም።